ክብደት ለመቀነስ፦ ከምግባችን በቀን 500 ካሎሪ መቀነስ ወይስ በቀን 1,200 ካሎሪ ላይ መውረድ?

ደሴ ፒያሳ ቡና ይዘን ስንቀመጥ ክርክራችን ይሄው ነው።

አንዱ መንገድ ሰውነት ከሚፈልገው ላይ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ መቀነስ ነው። 2,200 የሚያስፈልገው ሰው 1,700 ይበላል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢወርድ ነው። ያሰለቻል። ግን ሽሮው አይቀርም። እኔ የጀመርኩት ከዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ የጾም ወጥ ላይ የሚንሳፈፈውን አስቡት!

ሌላው በአንዴ 1,200 ላይ መውረድ ነው። ሚዛኑ ቶሎ ይቀንሳል፣ ደስ ይላል። መጀመሪያ የሚሄደው ግን ብዙው ውሃ ነው፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። በፍጥነት መክሳት የሐሞት ጠጠርም ሊያመጣ ይችላል። እኔ ሞክሬው በአምስተኛው ቀን የጦሳ ዳገት አጋማሽ ላይ ቁጭ አልኩ። ማታ አንድ ሙሉ አምባሻ ጨረስኩ።

ቁመቷ አጠር ላለ፣ ብዙ ለማትንቀሳቀስ ሴት 1,200 ሊበቃት ይችላል። ወንድ ያለ ሐኪም ከ1,500 ባይወርድ ይሻላል። ሰኞ ገበያ ሸክም ሲያነሳ ለሚውል የመጀመሪያው ነው የሚያዋጣው። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና የምታጠቡ ግን ሁለቱንም ሳትጀምሩ ሐኪም አማክሩ።