ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ኮምፒውተር፦ የጋራ ፋይላችሁ የት ይቀመጥ?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 አቁሟል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 የማይቀበልለት ሰው አሮጌውን ሳያጠፋ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ (ሁለቱም ነፃ የሊኑክስ ሲስተሞች ናቸው) ጎን ለጎን ቢጭን አይገርምም። ጣጣው የሚመጣው በማግስቱ ነው። ሰነዱ አንዱ ጋ፣ ፎቶው ሌላው ጋ ይቀራል። መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው፤ የውስጥ ዲስክ፣ የውጭ ዲስክ ወይም ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ ማስቀመጫ)።

የኔ ምርጫ የውስጥ ዲስክ ነው። ላፕቶፓችሁ ሁለተኛ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) የሚገባበት ቦታ ካለው (ሳትገዙ ሞዴሉን አረጋግጡ) እሱን ግዙ። ከሌለው ያለውን ዲስክ ከፍላችሁ ለብቻው ክፍል አውጡ። ፎርማቱ (ዲስኩ ፋይል የሚይዝበት አደረጃጀት) የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) ይሁን። ዊንዶውስ የሊኑክሱን ፎርማት ኢኤክስቲ4 (ext4) እንደዋዛ አይከፍትም፤ ሊኑክስ ግን ኤንቲኤፍኤስን ያነባል፣ ይጽፍበታልም። መብራት ድንገት ቢጠፋ ደግሞ ኤንቲኤፍኤስ ጆርናል (የለውጦች መዝገብ) ስላለው በቀላሉ አይመሰቃቀልም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፋስት ስታርትአፕ። ዊንዶውስን "ሸት ዳውን" ስትሉት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በኋላ ቶሎ እንዲነሳ ያለበትን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል። በዚህ መሀል ሊኑክስን ካስነሳችሁ ዲስኩን ለማንበብ ብቻ ይከፍትላችኋል፣ ወይም ጭራሽ እምቢ ይላል። በግድ ልጻፍበት ካላችሁ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ አጥፉት። ዊንዶውስ ለመነሳት ትንሽ ይዘገያል፤ ይዘግይ! ዲስኩ በዊንዶውሱ መቆለፊያ በቢትሎከር ከተቆለፈም ሊኑክስ ቁልፉን ስለሚጠይቃችሁ አስቀድማችሁ ያዙት።

ደግሞ ሁሉንም አታጋሩ። ሰነድ፣ ፎቶ፣ ሙዚቃና ዳውንሎድ ይበቃል። የሊኑክስን ሆም ፎልደር (የእናንተ ፋይሎችና የፕሮግራሞቹ ሴቲንግ ያሉበትን) እንዳለ እዚያ ላይ ማስቀመጥ የፕሮግራሞቹን ሴቲንግ ያበላሻል። ፋይል ስትሰይሙም "10:30" ዓይነት ነገር አትጻፉ። ሊኑክስ ዝም ቢላችሁም ዊንዶውስ ":" የሚለውን ምልክት በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም።

ቤት ውስጥ ማክ ካለ ወይም ፋይሉን ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ ፎርማቱ ኤክስፋት (exFAT) የተደረገ የውጭ ኤስኤስዲ ይሻላል። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ ያለ ተጨማሪ ሶፍትዌር አይጽፍበትም፤ ኤክስፋትን ግን ሦስቱም ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። እንደ አሮጌው ፎርማት ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አልቀበልም አይልም። ድክመቱ ጆርናል የሌለው መሆኑ ነው። "ኢጀክት" ብላችሁ ሳታስወጡት ገመዱን ከነቀላችሁ ዋጋ ያስከፍላል።

ክላውድ? ለዚህ ሥራ ገንዘብ አላወጣበትም። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፤ ለሊኑክስ ግን የራሱ አፕ የለውም። ድሮፕቦክስ አለው፣ ነፃው ግን 2 ጊጋባይት ብቻ ነው። ሁለቱ ሲስተሞች እንደ ሁለት ኮምፒውተር ስለሚቆጠሩም ያው ፋይል ሁለቴ ይወርዳል፤ ዳታችሁም እጥፍ ይሄዳል። ዋና ዋና ሰነዶችን ባክአፕ ለማድረግ ግን ነፃው ይበቃችኋል።