ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ሀይብሪድ ወይስ ኤሌክትሪክ? አየሩን የሚምረው የትኛው መኪና ነው?

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ ክርክር ተነሳ። የሥራ ባልደረባዬ አዲስ የገዛትን ኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጥቷል። «ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት» እያለ ያሞግሳታል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ከመቂ ሽንኩርት የሚያመላልስበት ባለ ናፍጣ ፒክአፕ አለው። «ጭሱንማ ባትሪውን የሠሩበት አገር ትተውት መጡ እንጂ» አለና ስኒውን አስቀመጠ። እኔ መሀል ላይ ነኝ። ባለ ቪትዝ፣ ትንሽ የቤንዚን መኪና።

ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። ማታ ካልኩሌተር ይዤ ቁጭ አልኩ።

1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ (ከዚህ በኋላ «ካርቦን» የምለው) ይወጣዋል። ናፍጣ 2.7 ገደማ። ሊትሩ ራሱ አንድ ኪሎ የማይሞላ፣ ጭሱ እንዴት በለጠው? ሲቃጠል ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ማባዛት ብቻ ነው። ለ100 ኪሎ ሜትር እንዲህ ይመጣል፦

ትንሽ ቤንዚን መኪና፣ በሊትር 13 ኪሎ ሜትር የምትሄድ፦ 18 ኪሎ ገደማ።
ናፍጣ ፒክአፕ፣ በሊትር 10፦ 27 ኪሎ።
ሀይብሪድ (የቤንዚን ሞተርና ትንሽ ባትሪ አብሮ ያለው)፣ በሊትር 20፦ ከ11 እስከ 12 ኪሎ።
ኤሌክትሪክ፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ 17 ኪሎዋት ሰዓት የምትበላ፦ እንደ መብራቱ ምንጭ።

ነገሩ ያለው እዚህ የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። በድንጋይ ከሰል የሚመነጭ 1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 1 ኪሎ ገደማ ካርቦን ያስወጣል። መኪናዋ እንዲህ ያለ አገር ብትሰካ 17 ኪሎ ልትሆን ነው። ከኔ ቪትዝ ብዙም አትሻል፤ ሀይብሪዱማ ጥሏት ይሄዳል። የኛ አገር መብራት ግን ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው። ጊቤ 3 አለ፣ ጣና በለስ አለ፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋዋት ሕዳሴ አለ። ግድብ የዋጠው እንጨትና ሣር ሲበሰብስ ሚቴን እንደሚለቅ አውቃለሁ። ቢሆንም ከከሰል ጋር የሚወዳደር አይደለም። ያቺው መኪና፣ እዚህ ስትሰካ ሌላ መኪና ናት።

መብራት ሲጠፋስ? ባልደረባዬን ይህን ስጠይቀው ፈገግ አለ። ቤቱ ጄኔሬተር አለ። ትንሽ የናፍጣ ጄኔሬተር ከ1 ሊትር 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢያወጣ ነው። 17ን ለ3 ስናካፍል ወደ 6 ሊትር ናፍጣ፣ 15 ኪሎ ካርቦን። ጄኔሬተር ላይ የተሰካ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ረጅም ገመድ ያለው ናፍጣ መኪና ማለት ነው። አንዳንዴ ለክፉ ቀን ቢሆን ምንም አይደል። ልማድ ከሆነ ግን ሀይብሪድ ይግዙ።

ወደ ወንድሜ ነጥብ ልምጣ። ባትሪ መሥራት ብዙ ኃይል ይበላል። ለ50 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከ3 እስከ 5 ቶን ካርቦን ይገመታል። አራቱን እንያዝ። መኪናዋ በውኃ መብራት ስትሰካ፣ ከቪትዝ 18 ኪሎ ጋር ሲተያይ ይህ ዕዳ የሚከፈለው 22 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ነው። በቀን 40 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ዓመት ተኩል። በሳምንት 50 ኪሎ ሜትር ለማይሞላ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ብቻ ለሚያወጣት ሰው ግን ዘጠኝ ዓመት ይሞላል። ወንድሜን «ለእንዲህ ያለው ሰው አንተ ትክክል ነህ» አልኩት። ደስ አለው። ደስታው ሳይቆይ ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ቪትዜን ብሸጣት አትጠፋም፣ ሌላ ሰው ሲነዳት ይውላል። ይህችን በስሌቴ ውስጥ የት እንደማስገባት እስካሁን እያሰብኩ ነው።

ካርቦን ብቻውን ደግሞ ፍርድ አይሰጥም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ወደ ውስጥ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ያረጀ ናፍጣ ሲሆን ፖምፓው ነዳጁን እንደ ቆላ ይረጫል፣ የሚያቃጥለው አየር ግን ጎድሎታል። ያልተቃጠለው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ሽሮ ሜዳን ሽቅብ ከጭነት መኪና ኋላ የሄደ ሰው መስኮት መዝጋት ለምን እንደሆነ ያውቃል። ያ ጥላሸት የሚገባው የሕፃናት ሳንባ ውስጥ ነው። በዚህ ረገድ ናፍጣን ለከተማ ቤት መኪና አልመክርም፣ ወንድሜ ቢቀየምም።

የባልደረባዬን መኪና ከእንጦጦ ቁልቁል ነዳሁላችሁ። ላይ ስነሳ 61 በመቶ ይል ነበር። ታች ስደርስ 63። ቁልቁለቱ ራሱ ቻርጅ አደረጋት፤ ሞተሯ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ይይዛታል። ፍሬን ብዙ ስለማይረገጥ የፍሬን ብናኙም ይቀንሳል። ከባድ ስለሆነች የጎማ ብናኟ ግን አይቀርም። ወደ አዳማ ስትወርዱም ያው ነው፤ ሲኬድ ትቆጥባለች፣ ሲመለሱ ትበላለች። በ«ይሄን ያህል ደረስኩ» ተታላችሁ መመለሻውን እንዳትረሱ።

ሀይብሪድ የተጨናነቀ መንገድ ይወዳል። ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ፕሪየስን የሚያቆላምጡት በከንቱ አይደለም። ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ሲሠራም ዕዳው ትንሽ ነው። ግን ምንጊዜም ነዳጅ ይጠጣል፤ ሰልፉም አይቀርለትም። ኤታኖልን የሚጠይቁኝም አሉ። ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ሞላሰስ የሚወጣው፣ ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል የነበረው ነው። ከትራፊ የሚሠራ ስለሆነ ሐሳቡ መልካም ነው። ገዢ ግን ማደያው የቀዳለትን ነው የሚነዳው፣ ስለዚህ ምርጫ ውስጥ አላስገባሁትም።

በ2016 ዓ.ም. ቤንዚንና ናፍጣ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ነዳጅ የሚጠጣ ስንል ባብዛኛው ያገለገለ ማለታችን ነው። ኤሌክትሪክ የምትገዙ ደግሞ ሦስት ነገር እዩ። የባትሪውን ዓይነት ጠይቁ፤ ኤልኤፍፒ የሚባለው ኮባልትም ኒኬልም የለውም፣ 100 በመቶ ቢሞላም ብዙ አይጎዳም። የቻርጅ ሶኬቱ የቻይናው ጂቢ/ቲ ነው ወይስ ሲሲኤስ 2? ሰፈራችሁ ካለው ጋር ካልገጠመ ጣጣ ነው። ሻጩ «500 ኪሎ ሜትር» ካላችሁ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ጠይቁት፤ የቻይናው ሲኤልቲሲ ከሆነ ሩቡን ቀንሱለት።

የኔ ምርጫ? በቀን 40 ኪሎ ሜትር ስለምነዳ ስሌቱ ኤሌክትሪክ ግዛ ይለኛል። ችግሩ የምኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ገመድ በመስኮት አልለቅም። ግቢው ውስጥ ለቻርጅ የሚሆን ቆጣሪ እናስገባ ብዬ ለኮሚቴው አመለከትኩ። ሰብሳቢያችን ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መልካም። መኪና የሌላቸው ሠላሳ አባወራዎች ግን የቆጣሪውን ማስገቢያ ለምን ይክፈሉ?»