ፐብሜድ፦ ከፍለጋው ሳጥን ጀርባ ያለው የቃላት ሥርዓት

ፐብሜድ በአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ሥር የሚተዳደር የሕክምናና የሥነ ሕይወት ጽሑፎች መፈለጊያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ ጀምሮ ከ1997 ወዲህ ለማንኛውም ሰው በነጻ ክፍት ሆኗል። የመዘገባቸው ጽሑፎች ከ36 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚወደሰው በዚህ ብዛቱ ነው፤ እኔ ግን ለዓመታት ከተገለገልሁበት በኋላ ትልቁ ሀብቱ ሜሽ የተባለው የርእሰ ጉዳይ ቃላት መዝገብ እንደሆነ አምናለሁ።

አንድ በሽታ ብዙ ስም አለው። ድንገተኛውን የልብ ሕመም አንዱ ጸሐፊ በተለመደው የእንግሊዝኛ ስሙ «ሃርት አታክ» ሲለው ሌላው በሕክምና ስሙ «ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን» ይለዋል፤ ፊደል ብቻ የሚያመሳስል መፈለጊያ ከሁለቱ አንዱን ማስቀረቱ አይቀርም። በ1960 የተጀመረው ሜሽ ለእያንዳንዱ ጽንሰ ሐሳብ አንድ የታወቀ ስም ሰጥቶ፣ ስሞቹን ከሰፊው ወደ ጠባቡ በሚወርድ የዛፍ ቅርጽ ስላደራጃቸው፣ ፐብሜድ የመጀመሪያውን ስም የጻፈለትን ሰው ራሱ ወደ ሁለተኛው ይመራዋል፤ ሰፊውን ርእስ ለመረጠም በሥሩ ያሉትን ጠባብ ርእሶች ሁሉ ጨምሮ ይፈልግለታል። ባዮሜዲካል ኢንፎርማቲክስ (የሕክምናና የሥነ ሕይወት መረጃን የማደራጀትና የመጠቀም ሙያ) ለሕክምና ምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቅ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላውቅም፤ በሽተኛ የሚጠብቀው ሐኪምም ሆነ የጥናቶችን ስብስብ የሚገመግም ተመራማሪ የሚደገፉት በዚሁ የማይታይ ሥራ ነው።

ጉድለቶቹም ከዚሁ ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው። ቃሉን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገባ ፈላጊ ይህ የስም ዝምድና ይቋረጥበታል፤ በሜሽ ብቻ የሚፈልግ ደግሞ የርእስ ቃል ያልተሰጣቸውን ጽሑፎች ጨርሶ አያገኝም። እኔም በአንድ የግምገማ ሥራ ላይ በዚህ ምክንያት ፍለጋውን ከመነሻው ለመድገም ተገድጄአለሁ። ስለዚህ የሜሽን ቃልና ተራውን ቃል አጣምሮ መፈለግ ግድ ነው። ቀድሞ በባለሙያዎች ይከናወን የነበረው ርእስ የመስጠት ሥራ ከ2022 ጀምሮ በኮምፒውተር መሠራቱ ጽሑፎች ርእስ ሳይሰጣቸው የሚቆዩበትን ጊዜ በእጅጉ አሳጥሮታል፤ ሆኖም የሰው ዓይን የሚያርፈው በተመረጡት ጽሑፎች ላይ ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም በስህተት የተለጠፈ ርእስ ጽሑፉን ከሚፈልገው ሰው ይሰውረዋል።

ፐብሜድ በአብዛኛው የሚያሳየው አጭር መግለጫውን እንጂ ሙሉውን ጽሑፍ አይደለም፤ ሙሉው በነጻ የሚገኘው በእህቱ ፐብሜድ ሴንትራል ወይም በአሳታሚው ፈቃድ ነው። የተሻረ ጽሑፍ ላይ የሚያኖረው ጎላ ያለ ማስጠንቀቂያ ግን ሊመሰገን ይገባዋል። ውጤቱን ሲያቀርብም የሚያስቀድመው አዲሱን ሳይሆን ይበልጥ ይስማማል ብሎ የገመተውን ነው፤ የቅርብ ጊዜውን ማስረጃ የሚሻ ሐኪም ማንበብ ከመጀመሩ በፊት አደራደሩን ወደ ቀን ቅደም ተከተል ይለውጥ።