ስፕሬድሺት የፕሮግራሚንግ መምህር ሲሆን፦ የኤክሴል፣ የጎግል ሺትስና የሊብሬኦፊስ ካልክ ግምገማ

ፕሮግራሚንግ ለመማር የሚነሣ አዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክር አንድ ቋንቋ መርጦ፣ የሚያስፈልጉትን ነገሮች በኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ፣ በስክሪኑ ላይ አጭር ሰላምታ በማሳየት እንዲጀምር ነው። ምክሩ ስህተት ባይሆንም ብዙዎች ከሁለተኛው ሳምንት አያልፉም፤ ሰላምታ የሚያሳየውን ፕሮግራም በማግስቱ የሚፈልገው ሰው የለምና። በዚህ ግምገማ የምደግፈው ሌላ መንገድ ነው፤ እርሱም የወጪ መዝገብ፣ የዕቃ ዝርዝር ወይም የውጤት ሠንጠረዥ የምንይዝበትን ስፕሬድሺት ራሱን መማሪያ ማድረግ ነው። ላለፉት ሁለት ዓመታት ማይክሮሶፍት ኤክሴልን፣ ጎግል ሺትስንና ሊብሬኦፊስ ካልክን በዚህ ዓይን ስጠቀምባቸው ቆይቻለሁ፤ ጡረታ የወጣችው እናቴም ከእኔ ጋር አብራ ተምራባቸዋለች።

ፎርሙላ ፕሮግራም ነው ስል እያጋነንኩ አይደለም። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን እ.ኤ.አ. በ1979 ለአፕል 2 ኮምፒውተር ያወጡት ቪዚካልክ 254 ረድፍና 63 ዓምድ ብቻ የነበረው ሠንጠረዥ ቢሆንም፣ አንድ ቁጥር ሲቀየር በዚያ ቁጥር ላይ የተመሠረቱትን ሌሎች ስሌቶች በሙሉ ያድስ ነበር። ዛሬ አንድ የኤክሴል ገጽ 1,048,576 ረድፍና 16,384 ዓምድ ይይዛል፤ መሠረቱ ግን ያው ነው። እያንዳንዱ ሴል አድራሻ ያለው የመረጃ ማስቀመጫ ነው፤ ፎርሙላው ከየትኞቹ ሴሎች ወስዶ ምን እንደሚያሰላ የሚናገር ትእዛዝ ነው፤ የትኛው ከየትኛው ቀድሞ መሰላት እንዳለበት የሚወስነው ደግሞ መተግበሪያው ነው። ፕሮግራመሮች ቫሪያብልና ኤክስፕሬሽን የሚሏቸው እነዚህኑ ነው። ጀማሪው ስማቸውን ከመስማቱ በፊት ይሠራባቸዋል፤ ለዕድሜ ባለጸጋ ተማሪም ትልቁን ፍርሃት የሚያስወግደው ይህ ነው።

እናቴ 66 ዓመቷ ነው፤ የቤቱን ወጪ በደብተር መመዝገብ የቆየ ልማዷ ነው። ደብተሩን ወደ ስፕሬድሺት ያዛወርን ዕለት የነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ፎርሙላ ሁልጊዜ በእኩል ይሆናል ምልክት ይጀምራል። በመጀመሪያው ዓምድ ቀን፣ በሁለተኛው የዕቃው ስም፣ በሦስተኛው ብዛት፣ በአራተኛው የአንዱ ዋጋ ገባ፤ በአምስተኛው ላይ =ሲ2*ዲ2 (በሁለተኛው ረድፍ ያሉት ብዛትና ዋጋ ይባዙ፤ ዓምዶች በፊደል፣ ረድፎች በቁጥር ይጠራሉ) ብላ ጻፈችና የሴሉን ታችኛ ጥግ ይዛ ወደ ታች ጎተተችው። ከዚያም ካልኩሌተሯን አውጥታ ስምንቱንም ረድፍ አንድ በአንድ አረጋገጠች። ያን ጊዜ ማሽኑን አለማመኗ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ልምድ ያለው ፕሮግራመር የሚያደርገውን ፍተሻ ማንም ሳይነግራት እየሠራች እንደነበር ገባኝ።

የተማርነው ሁሉ ዋጋ ያገኘው በሦስተኛው ቀን ነው። ዋጋው ሁሉ በ10 በመቶ ቢጨምር ወሩ ምን ሊመስል እንደሚችል ማየት ፈለገች። 10 በመቶውን ኤች1 ላይ አስቀመጥን፤ በስድስተኛው ዓምድ ላይም =ኢ2*(1+ኤች1) ብላ ጽፋ እንደለመደችው ወደ ታች ጎተተችው። የመጀመሪያው ረድፍ ጨመረ፤ ከእርሱ በታች ያሉት ግን እንደነበሩ ቀሩ፤ የስህተት መልእክትም አልወጣም። ምክንያቱን ከመናገር ይልቅ ቀጣዩን ሴል ሁለት ጊዜ ጠቅ እንድታደርገው ጠየቅኳት፤ ፎርሙላው የሚያነባቸው ሴሎች በቀለም ተከበቡ፤ ከቀለማቱ አንዱ ያረፈው ምንም ባልተጻፈበት ኤች2 ላይ ነበር። ጥቂት አየችውና «ይኼማ ባዶውን ቤት ነው የሚያየው» አለች። ፎርሙላ ሲገለበጥ አድራሻዎቹም አብረውት እንደሚንቀሳቀሱ፣ አንድን አድራሻ ባለበት ለማቆም ደግሞ =ኢ2*(1+$ኤች$1) ተብሎ በዶላር ምልክት እንደሚታሰር ያን ጊዜ አንድ ጊዜ ነገርኳት፤ ደግሜ መንገር አላስፈለገኝም። አንጻራዊና ቋሚ አድራሻን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላየሁም፤ ጥያቄው የራሷ ነበርና።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ቀና ነው። ከተመደበው በላይ የወጣበትን ረድፍ ለመለየት ኢፍ የተባለው ፋንክሽን (ስም ያለው ዝግጁ ስሌት) ይገባል፤ እርሱም ቅድመ ሁኔታን፣ እውነትና ሐሰትን ያስተምራል። የዕቃውን ዋጋ ከሌላ ዝርዝር ለማምጣት ቪሉክአፕ ይመጣል፤ እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በቪሉክአፕ መጨረሻ ላይ ፍጹም ተመሳሳይ የሆነውን እንዲፈልግ ካልተነገረው በቀር፣ ፋንክሽኑ ዝርዝሩን በቅደም ተከተል እንደተደረደረ ቆጥሮ ተቀራራቢውን ስለሚፈልግ፣ እውነት የሚመስል የተሳሳተ ዋጋ ሊያመጣ ይችላል። ኤክስሉክአፕ የተባለው አዲሱ ፋንክሽን ሳይታዘዝም ፍጹም ተመሳሳዩን ስለሚፈልግ ጀማሪ በእርሱ ቢጀምር እመርጣለሁ።

ኤክሴልን እንደ መማሪያ ከፍ የሚያደርጉት ሁለት ጭማሪዎች ሌትና ላምዳ ናቸው። በሌት አማካይነት በፎርሙላ ውስጥ ላለ ንዑስ ስሌት ስም ይሰጣል፤ በዚህም ሦስት መስመር የሚፈጀው የቅንፍ ጫካ ሊነበብ የሚችል ጽሑፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 ይፋ የሆነው ላምዳ ደግሞ ተጠቃሚው የራሱን ፋንክሽን ሠርቶ፣ ስም አውጥቶለት፣ ራሱን በራሱ እንዲጠራ እስከማድረግ ያደርሰዋል። ሐስኬል የተባለውን ቋንቋ ከነደፉት አንዱ የሆኑት ሳይመን ፔይተን ጆንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተራ ተጠቃሚ በስፕሬድሺቱ ውስጥ የራሱን ፋንክሽን መሥራት አለበት የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር። ሐሳቡ ሥራ ላይ እስኪውል 17 ዓመት መፍጀቱ ያሳዝናል፤ ቢሆንም ዛሬ አንድ ተማሪ ከሠንጠረዡ ሳይወጣ የፋንክሽንን ጽንሰ ሐሳብ በሙሉ ሊማር ይችላል።

ፎርሙላ ግን ትእዛዝን ደረጃ በደረጃ የመስጠትን ልማድ አያስተምርም፤ ለዚህ ማክሮ፣ ማለትም በተራ የሚፈጸሙ ትእዛዞች ስብስብ፣ ያስፈልጋል። በየወሩ አንድ ዓይነት ጽዳት የሚደረግለት ፋይል ያለው ሰው የማክሮ መቅረጫውን ከፍቶ ሥራውን አንድ ጊዜ በእጁ ቢሠራ፣ ኤክሴል እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ አብሮት ባለው ቪቢኤ በተባለ ቋንቋ እያንዳንዱን እርምጃ ይጽፍለታል። እኔ እንደማየው ይህ ጽሑፍ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ይበልጣል፤ አንባቢው እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ያውቃልና። ቀጥሎ የሚመጣው የሴሉን አድራሻ በእጅ መቀየር፣ ከዚያም ያንኑ ሥራ በዙር ትእዛዝ ለ12ቱም ወራት ገጾች እንዲደግመው ማድረግ ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት፦ የቪቢኤ ማክሮ የሠራውን መተግበሪያው እንደ ተራ ሥራ ወደ ኋላ አይመልሰውም፤ ስለዚህ ማክሮ ከማስኬድ በፊት የፋይሉን ቅጂ ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

ሦስቱን መተግበሪያዎች ሳነጻጽር ለብቻው ለሚማር ሰው ኤክሴልን አስቀድማለሁ፤ ዋናው ምክንያቴም ፎርሙላን ቁራሽ በቁራሽ እያሰላ የሚያሳየው መሣሪያ ነው። ረጅሙ ፎርሙላ የቱ ጋ እንደተሳሳተ በዓይን ማየት ይቻላል። ድክመቱ በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው ቅጂ ክፍያ የሚጠይቅ መሆኑና ቪቢኤ በድረ ገጹና በስልኩ ቅጂ ላይ አለመሥራቱ ነው። ጎግል ሺትስ በነፃ ስለሚገኝ፣ የቆዩ ቅጂዎችን ስለሚያስቀምጥና ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ስለሚጽፉበት፣ አስተማሪና ተማሪ ርቀው ሲኖሩ ተመራጭ ነው። አፕስ ስክሪፕት የተባለው ቋንቋውም በጃቫስክሪፕት ላይ የቆመ በመሆኑ በዚያ የተማሩት ዕውቀት ወደ ድረ ገጽ ሥራ ይሻገራል። ሊብሬኦፊስ ካልክ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፣ ማክሮዎቹንም ፓይተን በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጭምር መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን የማክሮ መቅረጫው ከላቁ ምርጫዎች ውስጥ ተፈልጎ ካልተከፈተ አይታይም፤ ይህም ጀማሪን ገና በበሩ ላይ ያቆመዋል።

ከሦስቱም የምቃወመው አንድ ጠባይ ዝምታቸውን ነው። አንድ ጊዜ የተላከልኝን ዝርዝር ስደምር ውጤቱ ከሚጠበቀው አነሰ፤ ግማሽ ቀን ከፈለግኩ በኋላ ጥቂቶቹ ቁጥሮች ከኋላቸው የማይታይ ክፍት ቦታ ስለነበራቸው እንደ ጽሑፍ ተቆጥረው ከድምሩ መውጣታቸውን አገኘሁ። አብዛኛው ተራ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ቁጥርን ከጽሑፍ ጋር ደምር ሲባል ወይ ይቆማል ወይ የሚያስደነግጥ ውጤት ይሰጣል፤ የድምር ፋንክሽኑ ግን ዘልሎት ያልፋል። የመረጃ ዓይነት የሚባለውን ጽንሰ ሐሳብ ተማሪው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንዲያውቀው የምመክረው ለዚህ ነው፤ በዜሮ የሚጀምር ስልክ ቁጥር ዜሮውን እንዳያጣ፣ 16 አሐዝ ያለው መለያ ቁጥርም የመጨረሻው አሐዝ ወደ ዜሮ እንዳይለወጥበት፣ ሁለቱም እንደ ጽሑፍ መግባት አለባቸው። ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ አይደለም። ኤክሴል የጂን ስሞችን ወደ ቀን እየለወጠ ስላስቸገረ፣ የሰውን ጂኖች ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ማርች1ን ማርችኤፍ1 እስከ ማለት ደርሷል፤ ማይክሮሶፍት ይህን ለውጥ ማጥፊያ ምርጫ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ስለ መንግሥታት ዕዳ የተጻፈና ብዙ የተጠቀሰ የኢኮኖሚ ጥናት፣ እስከ ረድፍ 49 መድረስ የነበረበት አማካይ ረድፍ 44 ላይ በመቆሙ አምስት አገሮችን ከስሌቱ እንዳስቀረ ታወቀ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ታማሚዎችን መረጃ ለቀናት ከሪፖርቷ ያጣችውም ከ65,536 ረድፍ በላይ በማይይዝ አሮጌ የፋይል ዓይነት ምክንያት ነበር። እነዚህን ታሪኮች የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም፤ የእናቴ ካልኩሌተር ለምን አስፈላጊ እንደነበረ ስለሚያሳዩ ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የማነሣት ጃፓናዊቷን ማሳኮ ዋካሚያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 የተወለዱት እኚህ የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ ወደ ኮምፒውተር የመጡት በጡረታ መዳረሻቸው ነው፤ የኤክሴልን ሴሎች በቀለም በመሙላት ጥበባዊ ንድፎችን መሥራት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በ81 ዓመታቸው ሂናዳን የተባለውን የአይፎን ጨዋታ አወጡ፣ በዚያው ዓመትም በአፕል የፕሮግራመሮች ጉባኤ ላይ ተገኙ። ከሴል ቀለም የአይፎን መተግበሪያዎች እስከሚጻፉበት ስፊፍት ቋንቋ ያለው ርቀት ረጅም ነው፤ ሆኖም የሄዱበት ሰው አለ። አዋቂ ተማሪ ከወጣቱ የሚበልጥበት ነገርም አለው፤ የሚሠራበትን መረጃ ጠንቅቆ ያውቃል፣ ስለዚህም ውጤቱ ሲሳሳት ከማሽኑ በፊት እርሱ ይጠረጥራል።

ከስፕሬድሺቱ መውጫው ጊዜ የሚታወቀው አንድ ፎርሙላ ከጻፉት በኋላ በሳምንቱ ራስዎ ማንበብ ሲያቅትዎ፣ ወይም አንድን ማክሮ በብዙ ፋይሎች ላይ ማስኬድ ሲያስፈልግዎ ነው። ያን ጊዜ ፓይተንን ጭነው ኦፕንፓይኤክስኤል በተባለው ቤተ መጻሕፍት (የኤክሴል ፋይል የሚያነብ የተዘጋጀ ኮድ ስብስብ) ያንኑ የወጪ ፋይል ይክፈቱ፤ የመጀመሪያው ሥራም የወሩን ድምር ማውጣት ይሁን። እናቴ ባለፈው ወር የጀመረችው ከዚህ ነው፤ ስምንት መስመር ኮድ ጽፋ ድምሩ ሲወጣላት ስፕሬድሺቱን ከጎኑ ከፍታ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየች፤ ሲለያዩባትም የርዕሱን ረድፍ ለመዝለል ብላ የመጀመሪያውን የወጪ ረድፍ ጭምር እንደዘለለች ራሷ አገኘችው።