የጠዋትና የማታ ደብተር፦ የምትገዙት ከሆነ ለማታው ገጽ ብላችሁ ግዙት

ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው፤ ሥራዬ ሂሳብ ነው። ባለቤቴ በጠዋት ይወጣል፣ ሁለት ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት በሰዓቱ መድረስ አለባቸው። «አንቺማ ቤት ስለሆንሽ ጊዜ አለሽ» የሚሉኝ ሰዎች አንድ ቀን እኛ ቤት አድረው ጠዋቱን ቢያዩት ደስ ይለኛል። አንደኛዋ ጫማዋን ስትፈልግ ሌላኛው ያልተፈረመ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እኔም ላይ ታች ስል ሥራ የምጀምርበት ሰዓት ያልፋል። የጠዋትና የማታ ገጽ ያለውን ይህን ደብተር የገዛሁት ለዚህ ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ በዚህ አሠራር የሚወጡ ደብተሮች ብዙ ስለሆኑ የምለው ለአብዛኞቹ ይሠራል።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። መጠኑ ኤ5 ነው፣ 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር፤ የእጅ ቦርሳ ውስጥ በደንብ ይገባል። ሽፋኑ ጠንካራ፣ ጥራዙም በክር የተሰፋ ነው። ችግሩ መጀመሪያ አካባቢ ያሉት ገጾች ተዘርግተው አይተኙም፤ በአንድ እጅ ተጭናችሁ በሌላው መጻፍ አለባችሁ። ወረቀቱ ሳሳ ያለ ነው። ተራ እስክሪብቶ ይችላል፣ ጄል ግን ወደ ጀርባ ያልፋል፤ ማድመቂያ ቀለም ከነጭራሹ አታስቡ። ቀን አልታተመበትም፣ እሱን ወድጄለታለሁ። ቀን የታተመበት ደብተር አንድ ሳምንት ከዘለላችሁት ባዶ ገጾቹ ያፈጡባችኋል፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ደብተሩ ሲገለጥ ግራው ጠዋት፣ ቀኙ ማታ ነው። ግራው ላይ ምን የለም! ዛሬ የማመሰግንባቸው ሦስት ነገሮች፣ ለራሴ የምለው የብርታት ቃል፣ ስሜቴን የምቀባበት የፊት ሥዕል፣ የጠጣሁት ውሃ፣ ያሰላሰልኩበት ደቂቃ፣ የሠራሁት ስፖርት፣ የቀኑ ሦስት ዋና ሥራዎች፣ በየሰዓቱ የተሰመረ ፕሮግራም፣ ከታች ደግሞ ለማስታወሻ የሚሆን ቦታ። ይህን ሁሉ አሁን ከእንቅልፉ ለተነሳ ሰው! አእምሮ እንደነቃ ወዲያው ሥራ አይጀምርም፤ የመጀመሪያዎቹ 15 እስከ 30 ደቂቃዎች ብዙውን ጊዜ በድንዛዜ የሚያልፉ ናቸው፣ እንቅልፍ ላነሰው ሰው ደግሞ ይረዝማሉ። በዚያ ሰዓት ዘጠኝ ነገር ሙላ ማለት ለሰው አለማዘን ነው። በጊዜ አጠቃቀሙ ስሙ የሚነሳው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለራሱ ባወጣው የቀን ፕሮግራም ላይ ጠዋት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ ዛሬ ምን መልካም ነገር ልሥራ? ማታም አንድ፦ ዛሬ ምን መልካም ነገር ሠራሁ? እሱን የበቃው ለእኔ የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም። ከግራው ገጽ ሦስቱን ዋና ሥራዎችና የሰዓቱን መስመር ብቻ አስቀርቼ ሌላውን በእስክሪብቶ ሰርዣለሁ። ገጹ አያምርም፣ ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል።

የገንዘቡ ዋጋ ያለው ቀኙ ገጽ ላይ ነው። አራት ሳጥን ብቻ አለው። የመጀመሪያው «ያላለቀ» ይላል። ቀላል ይመስላል፣ ግን አልጋ ላይ ከወጣሁ በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው ይሄው ያላለቀው ነገር ነው፤ ያልተመለሰ መልእክት፣ ያልተከፈለ ሂሳብ፣ ልደውልላት ብዬ የረሳኋት እህቴ። በቤይለር ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2018 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ሞክሮታል። 57 ወጣቶችን ለሁለት ከፍለው ከመተኛታቸው በፊት አምስት ደቂቃ ያጽፏቸዋል፤ ግማሾቹ በሚቀጥሉት ቀናት የሚሠሩትን፣ ግማሾቹ ሠርተው የጨረሱትን። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዘርዘር አድርገው የጻፉት ደግሞ የበለጠ ፈጠኑ። እኔ ደቂቃ አልቆጠርኩም። ግን ከጻፍኩት በኋላ ጨለማ ውስጥ ተነስቼ ስልክ ላይ ማስታወሻ መጻፍ ትቻለሁ።

ሁለተኛው ሳጥን «የነገ መጀመሪያ ሥራ» ነው፤ ከሥሩ «ስንት ሰዓት፣ የት» የሚል ትንሽ መስመር አለው። ያቺ መስመር ናት ሥራውን የምትሠራው። «ነገ ሂሳቡን እዘጋለሁ» ብዬ ብጽፍ ነገ ዛሬ እያልኩ እንደማስተላልፈው አውቀዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዱ ገጽ ላይ የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «ልጆቹን አድርሼ እንደተመለስኩ፣ 2 ሰዓት ተኩል፣ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ፣ ሦስተኛውን ሠንጠረዥ እዘጋለሁ። ስልኩ መኝታ ቤት ይቀራል።» ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር በ1999 ባሳተመው ሥራው ይህን ዓይነቱን ዕቅድ አስረድቶታል፤ «ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ተብሎ ከአንድ ሁኔታ ጋር የታሰረ ዕቅድ በደፈናው ከሚታሰበው ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ሰፊ ነው። በር ከፍቼ ስገባ ምን ልሥራ ብዬ አልቆምም፣ ማታ ተወስኗል።

ሦስተኛው «ዛሬ ማታ የሚዘጋጅ» ነው። በዚህ ሳጥን ቤቱ በሙሉ ተጠቅሟል። ቦርሳ፣ ልብስ፣ የሚፈረም ወረቀት፣ ስፖርት ያለ ቀን የስፖርት ጫማ፤ ሁሉም ማታውኑ በሩ ጋ ይቀመጣል። ልጄ አሁን አሁን ስጽፍ ካየች «እማዬ፣ የእኔን ካልሲም ጻፊ» ትለኛለች፤ ጠዋት የጠፋ ካልሲ የሚያስከትለውን ከእኔ እኩል ታውቃለች። ባለቤቴ መጀመሪያ «ካልሲ ለመጻፍ ነው ይሄን ያህል ያወጣሽበት?» ብሎ ስቆብኝ ነበር። ዛሬ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ የሚያየው እዚያው ገጽ ላይ ነው።

አራተኛው ስልክ የሚዘጋበትና የምተኛበት ሰዓት ነው። አዋቂ ሰው በየሌሊቱ ሰባት ሰዓትና ከዚያ በላይ እንዲተኛ ነው የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚመክሩት፤ ስለዚህ ከምነሳበት ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥሬ እሞላዋለሁ። ከሌሎቹ ሳጥኖች ይልቅ ጆሮ ዳባ ልበስ የምለው ይሄኛውን ነው፤ ደብተሩ ስልኬን ከእጄ አይነጥቀኝማ።

ከሁለቱ ገጾች ግርጌ «ገመትኩ» እና «ፈጀ» የሚሉ ሁለት ጠባብ ዓምዶች አሉ። አምራቹ ራሱ ዋጋቸውን ያወቀ አይመስለኝም፣ ማብራሪያ እንኳ አልጻፈላቸውም። የቤት መውጫችንን 10 ደቂቃ ብዬ ገመትኩ፤ ፈጀ በሚለው ሥር የሰፈረው 25 ነው። በማግስቱም ያው። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ በ1994 የታተመ ጥናት ላይ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን ብለው ገምተው የፈጀባቸው ግን 55 ቀን አካባቢ ነው። ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት ሁሉም ነገር ቀንቶት ነው የሚያስበው፤ ጃኬቱ ዚፕ ላይ የሚያለቅስ ልጅ ግምቱ ውስጥ የለም። አሁን መውጫውን 25 ብዬ ነው የምይዘው፣ ጩኸቱም በዚያው ልክ ቀንሷል።

የማልወድለትን ልጨምር። በየወሩ መጨረሻ 21 ሳጥን ያለው የልማድ ሠንጠረዥ አለ፤ ሃያ አንዱን ሳታቋርጡ ከሞላችሁ ልማዱ ሥር ይሰዳል ይላል። ከየት እንዳመጣው አልተጻፈም። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነው የሚለው፦ አንድ ነገር ያለ ማሰብ የሚደረግ እስኪሆን በመካከለኛ ግምት 66 ቀን፣ ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰውም አይተዋል። ሠንጠረዡ ግን አንድ ሳጥን ከዘለላችሁ ከአንድ ጀምሩ ይላል። ልጅ ታሞ ያደረበትን ቤት የማያውቅ ሰው ነው ያወጣው። የሳምንቱ ማጠቃለያ ገጽም ቦታ ከመያዝ ሌላ ጥቅም አላገኘሁበትም።

ከስልክ መተግበሪያ ጋር ላወዳድረው ብል፣ መተግበሪያው ያስታውሳል፣ ደብተሩ አያስታውስም፤ ትራስጌ ካላስቀመጣችሁት ይረሳል። ግን ማታ መተግበሪያ ልሞላ ስልክ ከፍቼ ቪዲዮ ሳላይ የዘጋሁበትን ጊዜ አላስታውስም።

በፈረቃ ለሚሠራና ሕፃን ላለው ቤት አልመክረውም፤ ማታና ጠዋት በወጉ ያልለየለት ሰው ግራና ቀኙ ይምታቱበታል። ዋጋውም ከተራ ደብተር እጥፍ ድርብ ነው። አራቱን ሳጥንና ሁለቱን ዓምድ በማስመሪያ ማስመር የማይሰለቸው ሰው ተራ ደብተር ይበቃዋል። እኔ ይሰለቸኛል፣ ስለዚህ ይሄኛው ሲያልቅ ሌላ እገዛለሁ። ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ቀጣዩን እትም የማታውን ገጽ አስቀድመው፣ የጠዋቱን ወደ ሁለት መስመር አውርደው፣ ወረቀቱንም ወፈር አድርገው ካወጡት አራት ተኩል እሰጣለሁ።