ጎማዬን በወረቀትና በማስመሪያ ለለኩልኝ ጎሚስታ

ሳሪስ አካባቢ ለምትኖሩ ወይም በዚያ መንገድ ለምትመላለሱ ጎሚስታ ልጠቁማችሁ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላሉኝ "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሰፈሩም የሚጠራቸው እንደዚሁ ነው። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

የምነዳው ቪትዝ ነው። መሪው ወደ ቀኝ ይስባል። አንድ ቤት "አላይመንት ነው" ብለው አስከፈሉኝ፣ መሳቡ ግን አልቀረም። ሌላው ግራ የሚያጋባው ነገር የጎማው ንፋስ ነው። አንዱ ጋ 32 ተብሎ የተሞላው፣ በማግስቱ ሌላው ጋ ሲለካ 26 ይሆናል። የትኛውን መለኪያ ልመን?

ጋሼ ጋ የሄድኩ ቀን መብራት ጠፍቶ ኮምፕሬሰሩ ቆሟል። "ልመለስ ጋሼ?" ስላቸው፣ "ቆይ እንጂ ልጄ፣ ለመለካት መብራት ምን ያደርጋል?" አሉኝ። የራሳቸውንም መለኪያ ብዙ አያምኑትም። "ስንቴ ከእጄ ወድቋል" ይላሉ። ይህን አፍ አውጥቶ የሚናገር ጎሚስታ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነው።

መኪናዋን ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አስቆሙ። ወፈር ያለ ወረቀት ቀደው በግራው የፊት ጎማ ስር ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱም ጎን ገፉት። ወረቀቱ አልገባ ያለበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረጉበት። ከዚያ ከረዳታቸው ጋር መኪናዋን ትንሽ ገፋ አደረጓት። ጎማው መሬት የነካበት ቦታ ተለይቶ ቀረ። በማስመሪያ ሲለካ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12.5 ሆነ። ሲባዛ 150 ካሬ ሴንቲ ሜትር።

ቀጥሎ ክብደት። ሊብሬዬን አዩ፣ ነዳጁንና የኋላ ኮፈን ውስጥ ያለውን ዕቃ ገምተው ጨመሩበት፣ 1,050 ኪሎ ገደማ መጣ። ሞተሩ ፊት የሆነ ትንሽ የቤት መኪና ባዶውን ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ ፊት ላይ ያርፋል አሉኝ። ይህ 630 ኪሎ ነው፤ ለሁለቱ የፊት ጎማዎች ሲካፈል 315። 315ን ለ150 አካፈሉት፤ 2.1 ወጣ። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 2.1 ኪሎ አረፈ ማለት ነው። እኛ ጎማ ስናስነፋ ወደምንጠራው ቁጥር (PSI) ለመቀየር በ14.2 ይባዛል። 30 ገደማ።

የቀኙን በዚያው መንገድ ለኩት። ወርዱ ያው 12 ሲሆን ቁመቱ ግን 16 ሆነ። 192 ካሬ ሴንቲ ሜትር። 315 ለ192 ሲካፈል 1.64፣ በ14.2 ሲባዛ 23። መሪው ወደ ቀኝ የሚስበው ለምን እንደሆነ እዚያው ጠመኔው ላይ ታየኝ።

ነገሩ ስምንተኛም ዘጠነኛም ክፍል የተማርነው ነው፤ ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል። መኪናዋን በዋናነት የተሸከማት ጎማው ውስጥ የታመቀው ንፋስ ነው። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ይተኛል፣ ብዙ መሬት ይነካል፣ ክብደቱን የሚያክል ኃይል እስኪያገኝ ድረስ ይሰፋል። ጋሼ ተግባረ እድ ነው የተማሩት፤ ትምህርቱ አሁንም አልለቀቃቸውም።

እሳቸው ግን ግምቱን አያጋንኑትም። የጎማው ጎን ራሱ ጠንካራ ስለሆነ ከክብደቱ የተወሰነውን ይሸከማል። የሚነካው ቦታ ጠርዙ ክብ ብሎ ያልቃል፣ እኛ ግን እንደ አራት ማዕዘን ነው የቆጠርነው። በጥርሶቹ መካከልም ክፍተት አለ። ስለዚህ መልሱ ሁለት ሦስት ነጥብ ወዲህ ወዲያ ይላል። "ግራና ቀኙን ስታወዳድሪ ግን ስህተቱ ለሁለቱም እኩል ነው" አሉኝ። ክብደቱን ብትስቱት እንኳ የተኛው ጎማ መለየቱ አይቀርም። እኔ ከሁሉም የወደድኩት ይህቺን ነው።

የቀኙ ቫልቭ ላይ የሳሙና አረፋ ሲቀቡት ቡልቅ ቡልቅ አለ። ቫልቩን ቀየሩ። መብራት ሲመጣ የሾፌሩ በር ሲከፈት የሚታየውን ጽሑፍ አንብበው በዚያ ልክ ሞሉ። እዚያ ላይ 220 ከተጻፈ 2.2 ባር፣ ማለትም 32 ነው። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ የንፋስ ቁጥር ግን የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ በእሱ አታስሞሉ።

በሳምንቱ አዋሽ እንደምሄድ ስነግራቸው ሌላ ሂሳብ ከፈቱ። አዋሽ ከአዲስ አበባ ከ1,200 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እዚያ የውጪው አየር ግፊት ስለሚበረታ፣ መለኪያው የሚያሳየው የውስጡና የውጪው ልዩነት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ወደ 2 ነጥብ ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ በ10 ዲግሪ 1.5 ነጥብ ያህል ይጨምራል። እዚህ 20 ዲግሪ፣ እዚያ 35 ከሆነ መቀነሱና መጨመሩ ይጣፋሉ። "እንዳለ ሂጂ፤ ደግሞ ጎማው በመንገድ ሲግል ጨመረ ብለሽ እንዳታስጎድዪ፣ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኚዋለሽ" ብለው ሸኙኝ።

መኪናዋ አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የከፈልኩት የአንድ ቫልቭና የማስነፊያ ብቻ ነው፤ ለሂሳቡ ምንም አልጠየቁኝም። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት!

ለምትሄዱ፦ ጋሼ ፈጣን አይደሉም። ወረፋ አለ፣ ችኩል ደንበኛም አይወዱም። ባላንስና አላይመንት አይሠሩም። ጎማው ሳይግል እንዲለካላችሁ ከሩቅ የምትመጡ ከሆነ ደርሳችሁ እስኪቀዘቅዝ አሳርፉት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ብትደርሱ ጥሩ ነው፤ ሊብሬያችሁንም ያዙ።