በጎንደር ፒያሳ የሚሰጠው የሴት አስተባባሪዎች ሥልጠና፦ ከጆአን ባስ የሥራ ዘመን የተቀዳ ትምህርት

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ባለ ሕንፃ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠውን የመካከለኛ አመራር ሥልጠና በቅርቡ አጠናቅቄያለሁ። ሥልጠናው የተዘጋጀው ሌሎችን እየመሩ ራሳቸውም በአለቃ ለሚመሩ ሴቶች ነው። እኔ በአንድ ሆስፒታል የክፍል አስተባባሪ ነርስ ስሆን፣ አብረውኝ የተቀመጡት የሆቴል ፎቅ ተቆጣጣሪዎች፣ የትምህርት ቤት ዩኒት መሪዎችና የመጋዘን ኃላፊዎች ነበሩ። ትምህርቱ ከሞላ ጎደል በአንዲት ሴት የሥራ ዘመን ላይ የተመሠረተ ነው፤ እሳቸውም የአሜሪካ አየር ኃይል አሥራ ዘጠነኛዋ የባለሌላ ማዕረግተኞች (ከመኮንን በታች ያሉ ወታደሮች) የበላይ አለቃ የነበሩት ጆአን ባስ ናቸው።

ምርጫውን እጅግ ወድጄዋለሁ። ስለ ሴቶች አመራር ሲነገር የሚጠሩት አብዛኛውን ጊዜ ሚኒስትሮችና ዳይሬክተሮች ስለሆኑ፣ በተረኛ መዝገብና በሰው እጥረት መካከል ለምትውል ሴት ከታሪካቸው የሚተርፋት ጥቂት ነው። ባስ ግን አንድም ቀን መኮንን ሆነው አያውቁም። በሃዋይ ከወታደር አባትና ከኮሪያዊት እናት ተወልደው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 በተራ ወታደርነት ተቀጠሩ፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ አድገው፣ በሚሲሲፒ የሚገኘው የሁለተኛው አየር ኃይል ዋና ባለሌላ ማዕረግተኛ ሆነው ካገለገሉ በኋላ፣ ኦገስት 14 ቀን 2020 የመጨረሻውን ሥልጣን ተረከቡ። ከአሜሪካ የጦር ኃይል ክፍሎች በአንዱም እንኳ ከእሳቸው በፊት ይህን ዓይነት ቦታ የያዘች ሴት አልነበረችም። እስከ ማርች 2024 በቆዩበት በዚህ ኃላፊነት የአየር ኃይሉ አዛዥና ሚኒስትር ስለ ሠራዊቱ ኑሮ፣ ዝግጁነትና ሞራል ምክር የሚቀበሉት ከእሳቸው ነበር። ጦር አዝዘው የማያዘምቱ፣ ነገር ግን አዛዡ ከመወሰኑ በፊት ስለ ተራው ወታደር ሊሰማቸው የሚገባ ሰው ነበሩ ማለት ነው።

አሠልጣኛችን በጡረታ የተገለሉ ሻለቃ ባሻ ናቸው፤ ሁላችንም «ባሻ» እያልን ነው የምንጠራቸው። በመጀመሪያው ዕለት መብራት ጠፍቶ ፕሮጀክተሩ ሲቆም ወደ ሰሌዳው ሄደው የአሜሪካ አየር ኃይልን የክንድ ምልክት በማርከር ይሥሉልን ጀመር፤ ለእኔ ከሥልጠናው ሁሉ የበለጠው ይህ ሰዓት ነው። አዲስ ምልምል ክንዱ ላይ ምንም የለም። ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመራል፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛው ሲጨመር ሰው መምራት ይጀመራል። አምስቱ የታችኛው መስመሮች ከሞሉ በኋላ ከላይ ይቀጠላል፤ ሦስተኛው የላይ መስመር ሲታከል ዘጠነኛው ደረጃ፣ ማለትም ቺፍ ማስተር ሳርጀንት ይሆናል። ባሻ በእያንዳንዱ መስመር ላይ ቆም ብለው «እዚህ ያለች ሴት ከትናንት የተለየ ምን ትሠራለች?» ብለው ይጠይቁን ነበር፤ መልሱንም ከየሥራ ቦታችን አምጥተን መናገር ነበረብን። እኔ ከነርስነት ወደ አስተባባሪነት ስሻገር ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም።

የልምምዱ ክፍልም ጥሩ ነው። አንዷ ሠልጣኝ የሐኪሙን ቦታ ይዛ ለምትለማመድ ጓደኛዋ «ዶክተር፣ እንደሚያዩት ሰው የለንም» ስትል ባሻ አስቆሟት። «እህቴ፣ ይሄ ስሞታ ነው። አለቃሽ ሊወስንበት የሚችለውን ነገር አቅርቢለት።» ደግማ ስትሞክር እንዲህ አለች፦ «ዶክተር፣ ለሌሊቱ ሁለት ነርስ ነው ያለን። ሌላ ሕመምተኛ ከተጨመረ የአሥር ሰዓቱ መድኃኒት ይዘገያል። ወደ ጎረቤት ክፍል ይላክ ወይስ ከቀን ተረኞች አንዷን ላስቀር?» ባስ ለአዛዣቸው ያደርጉት የነበረው የማማከር ሥራ ወደ እኛ ክፍል ሲወርድ ይህን ይመስላል፤ እኔም በማግስቱ ተረኛ ስሆን ተጠቅሜበታለሁ።

የሥልጠናው ትልቁ ጉድለት ባስን ያለ ቀዳሚ ማቅረቡ ነው። ለሴቶች በአሜሪካ ቋሚ ሠራዊት ውስጥ የማገልገል መብት የሰጠው የ1948 ሕግ ቁጥራቸውን ከሁለት በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ ነበር፤ ገደቡ የተነሣው በ1967 ነው። ዘጠነኛው ደረጃ ራሱ የተፈጠረው በ1958 ሲሆን፣ በ1959 የባሕር ኃይሏ አና ደር ቫርታንያን ከሴቶች ሁሉ ቀድመው፣ በ1960 ደግሞ ግሬስ ፒተርሰን በአየር ኃይል እዚያ ደርሰዋል። በምድር ጦር ይዜታ ኔልሰን በ1968 ኮማንድ ሳርጀንት ሜጀር (ይህም የዘጠነኛው ደረጃ ማዕረግ ነው) ሆነዋል። ከእነዚህ ሴቶች እስከ ባስ ሹመት ስድሳ ዓመት ገደማ አለፈ። ይህ ካልተነገረ ሠልጣኟ ጉዳዩ ሁሉ በአንድ ሰው ጥረት የተፈታ ሊመስላት ይችላል፤ እድገቷ ሲዘገይም ጥፋቱን በራሷ ላይ ብቻ ትፈልጋለች። ሕጉ፣ ኮታውና የእድገት መስፈርቱ የት ላይ እንዳገዱና መቼ እንደተከፈቱ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይገባው ነበር።

የታተመው መመሪያም ጥንቃቄ ይጎድለዋል። አንድ ገጽ ላይ ባስን ከጄኔራሎች ተርታ አስገብቷቸዋል፤ ይህ ስሕተት የሥልጠናውን ሐሳብ ከሥሩ ስለሚያፈርስ በሚቀጥለው ኅትመት መታረም አለበት። ፊደሉም ደቃቅ ነው። ክፍሉ ንጹሕ፣ ወንበሩ ምቹ፣ ሻይ ቡናው በሰዓቱ የሚቀርብ ነው፤ ክፍያውም ለመንግሥት ሠራተኛ የሚከብድ አይደለም፣ በሁለት ጊዜ መክፈልም ይቻላል። ከአዘዞ ለሚመጡ ግን የጠዋቱ ሰዓት ትንሽ ቢገፋ ይሻላል።

የራሷን ድርጅት ለምትመራ ወይም የሥራ ፈጠራ ትምህርት ለምትፈልግ ሴት ይህን ሥልጠና አልመክርም። አዲስ አስተባባሪ ለሆነች፣ ትናንት አብረዋት ይሠሩ የነበሩትን ዛሬ ለምታዝዝ ሴት ግን ሳላመነታ እመክራለሁ፤ ስትመዘገብም ባሻ የሚያስተምሩበትን ዙር ጠይቃ ትምረጥ።